እማዬና የኮልፌ ቡቲኮች

ገና ከላስቲኩ የወጣ ልብስ ሽታ፣ ያ ነጭ ጋዝ ነጭ ጋዝ የሚለው፣ ከአንድ ሱቅ በር ወጥቶ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ እስከ ዛሬ መጀመሪያ የሚያመኝ እግሬ ነው። ሌላው ሰው አዲስ ልብስ ሲሸተው በዓል ትዝ ይለው ይሆናል፤ እኔን ትዝ የሚለኝ ግን ከቀራንዮ ተነስተን፣ አስራ ስምንት ማዞሪያን አልፈን፣ አጠና ተራ ድረስ በየሱቁ እየገባንና እየወጣን አንድ ቀሚስ ሳንገዛ የምንውልበት ቅዳሜ ነው።

እናቴ ልብስ አትወድም ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። በሰፈራችን እሷን የሚያህል ዘናጭ አልነበረም። ፋሽኑን ከማንም ቀድማ ታውቅ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ የለበሰችውን በዓይኗ ለክታ፣ ጉርዱ ዘንድሮ ወደ ታች መስፋቱን፣ እጅጌው ማጠሩን ይዛ ቤት ትገባና፣ በቀጣዩ ቅዳሜ ያንኑ ፋሽን፣ በጠንካራ ስፌት፣ በእኛ አቅም ካላገኘሁ ብላ እኔን እየጎተተች ትወጣ ነበር። ሦስቱን ባንድ ላይ የያዘ ልብስ ደግሞ እንኳን ኮልፌ መርካቶም አይገኝም ነበር።

ሱቅ ስንገባ ልብሱን ገና በቅጡ ሳታየው ትገለብጠው ነበር። ስፌቱን በሁለት አውራ ጣቶቿ ይዛ ግራና ቀኝ ትስበዋለች፣ ዚፑን ታመላልሰዋለች፣ ጨርቁን በጡጫዋ ጨምድዳ ትለቀውና መጨማደዱን ቆማ ትመለከታለች። «ይሄ የቸኮለ ሰው የሰፋው ነው» ትላለች። ባለሱቁ «እትዬ፣ የዘንድሮ ፋሽን እኮ ነው፣ ሴቱ ሁሉ እየተሻማበት ነው» ሲላት፣ «ታዲያ የተሻሙበት ልብስ ምነው እዚህ ተሰቅሎ ቀረ?» ትለውና፣ የጠራውን ዋጋ ግማሽ ሰጥታ፣ እምቢ ሲል እጄን ይዛ ትወጣለች። ባለሱቁ ከኋላችን «ኧረ ይመለሱ፣ ይውሰዱት!» ሲል እንመለሳለን፤ እኔ በቃ ተገዛ ብዬ ደስ ሲለኝ እሷ ቀድሞ ያላየችው አንድ የተንጠለጠለ ክር ታገኛለች። ያኔ ልቤ ውልቅ ይል ነበር።

አባዬ የሚኒባስ ሾፌር ነበርና ቅዳሜ ቅዳሜ መንገዱ ካጋጠመው ሱቆቹ በር ላይ ያደርሰናል፤ እግሩ ግን አንድም ቀን ሱቅ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። «እናንተ ግቡ፣ እኔ ማዶ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ላርጅ» ብሎ ይሄድ ነበር። ስንመለስ ባዶ እጃችንን አይቶ «ልብስ ልትገዢ ነው የመጣሽው ወይስ ሰፊውን ልትከሺ?» ሲላት፣ እሷ ደግሞ የቀኑን ገበያ፣ ማን ምን እንዳላትና እሷ ምን እንደመለሰችለት፣ እስከ ቤት ድረስ ትተርክለታለች። እሱም መሪውን እንደያዘ ይስቃል። ያ ሁሉ ዙረት ለዚህ ጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ጳጉሜ ላይ፣ ጭቃው ጫማችንን እየነጠቀን፣ ሁለት ትልልቅ ኪስ ያለው የጂንስ ቀሚስ አገኘን። ለአዲስ ዓመት እሱን ካልለበስኩ የምሞት መሰለኝ። እማዬ ስፌቱን አይታ ብዙም ሳትከፋ ዋጋው ላይ ተጣላችና ወጣን፤ ሌሎች ሱቆች ዞረን ስንመለስ ቀሚሱ ተሽጧል። መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። «አልቅሺ» አለችኝ እጄን ሳትለቅ፣ «ታጥቦ ከተበላሸ በኋላ ከምታለቅሺ አሁን አልቅሺ።» በዚያ ምሽት እንደ ሌላው ሰው እናት ዝም ብላ የምትገዛ እናት ስጠኝ ብዬ ጸለይኩ።

አዲሱ ዓመት ገብቶ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ አባዬ ታሞ ብዙም ሳይሰነብት አረፈ። እማዬ ከል ለበሰች። ጥቁር ጉርድ፣ ጥቁር ሹራብ፣ ጥቁር ሻሽ፤ ማን እንዳመጣላት እንኳ አላውቅም፤ እሷ ግን ስፌቱን ሳታይ እንደለበሰችው አውቃለሁ፣ የሹራቡ ብብት ገና በለቅሶው ሰሞን ተተርትሮ ነበርና።

ክረምቱ ገብቶ ሲወጣ ልብስ የመግዛቱን ሥራ አክስቴ ዘነበች ተረከበች። የአባዬ ታናሽ እህት ናት፣ እንደ ወንድሟ ገበያ የማትወድ። የመጀመሪያው ሱቅ ትገባለች፣ ዓይኗ የገባውን ታነሳለች፣ የተጠራውን ትከፍላለች፣ ትወጣለች። ለአዲስ ዓመት በእንዲህ ዓይነት አገዛዝ አንድ ቀሚስ ገዛችልኝ፤ እጅጌው ጣቶቼን አልፎ የሚንጠለጠል፣ አንገቱ ደግሞ ጭንቅላቴን አላስገባ የሚል። ለብሼው እማዬ ፊት ቆምኩና ትገለብጠዋለች ብዬ ጠበቅኩ። «ጥሩ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ። የጸለይኩት ደረሰልኝ።

ሙት ዓመቱ ወጣና ዘመድ ሁሉ ከሏን ታውልቅ ብሎ ተነሳ። በሰፈራችን ባለሱቅ ካወቀሽ ልብሱን ወስደሽ ቤት አሳይተሽ ትመልሻለሽ፤ ዘነበችም በየሳምንቱ ፌስታል ሙሉ ልብስ እየያዘች ትመጣ ጀመር። አበባ ያለበት፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ፣ የአሮጊት የሚመስል፣ የኮረዳ የሚመስል። እማዬ ሁሉንም ትቀበላለች፣ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥሽ» ትላለች፣ አጥፋ ቁምሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ያንኑ ጥቁር ለብሳ ትነሳለች። የነፍስ አባታችን መጥተው ሲመክሯት «እሺ አባ» አለች። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የእማዬ እሺ ግን ከእምቢታ የከፋ ነበር፣ እምቢ ያለን ሰው ይለምኑታል፣ እሺ ያለን ምን ይሉታል? አንድ ቀን ዘነበች ትዕግስቷ አልቆ ፌስታሉን መሬት ላይ ወረወረችው። «ቢያንስ አስቀያሚ ነው በይኝ እንጂ! ስደቢኝ! ወንድሜስ ሞተ፣ አንቺን ማን ወሰደሽ?» ብላ አለቀሰች። እማዬ ፌስታሉን አንስታ አጠፈችው።

እኔ በዚያ ሰሞን ዋናው ፍርሃቴ እናቴም ቀስ በቀስ እየሄደች ነው የሚል ነበር።

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ዘነበች ለፋሲካ ቀይ ቀሚስ ገዛችልኝ። በዓሉ እስኪደርስ መታገስ አቅቶኝ ሰርቄ ለበስኩትና ሽሮ አፈሰስኩበት። እማዬ ምንም ሳትለኝ ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፈችው፤ ውሃው ወዲያው እንደ ቀይ ሥር ቀላ። እጇን አስገብታ አወጣችው፤ እስከ ክንዷ ድረስ ቀልቷል። እጇን ትክ ብላ አየችው። «ማነው ይሄን የሸጠላችሁ?» አለችኝ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ ባልሰማሁት ድምፅ።

ቀሚሱን ሳትጨምቀው ፌስታል ውስጥ ከታ ወጣን። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረውና ቀዩ ውሃ መንገዱን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ታክሲው በር ላይ ረዳቱ አይቶን «እናት፣ በዚህ ጾም ሥጋ ይዘው የት ነው?» ቢላት፣ «ሥጋስ ቢሆን ለሰው በደረሰ!» ብላው ገፍታው ገባች።

ባለሱቁ ንጉሤ የሚባል ወጣት ነበር። የለበሰችውን ከል ሲያይ ከመቀመጫው ተነስቶ «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» አላት። «ማጥናቱን ተወውና ይሄን እይልኝ» ብላ ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። እሱ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለውን ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳያት፤ እሷ የለቀቀውን ቀለም ክንዷ ላይ አሳየችው። «በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው» አለ። «ኮልፌ ውስጥ ሙቅ ውሃ ከየት መጥቶልኝ ነው? እሱም በመጣልኝ!» አለች፤ በር ላይ የቆሙ ሴቶች ሳቁ፣ ንጉሤም እየማለ እየተገዘተ ሊቀይርልን ተስማማ።

ሰማያዊ ቀሚስ መረጠችልኝ፣ ገልብጣ፣ ስባ፣ ጨምድዳ። ሰማያዊው ከቀዩ ርካሽ ስለነበረ ትርፉን መልስ አለችው፤ ገንዘብ አልመልስም፣ ዕቃ ይውሰዱ ተባለች። ንጉሤ አስቦላት ጥቁር ሻርፕ አመጣ። በእርጥብ ጣቷ አሸችውና «ይሄም ይለቃል!» ብላ ወረወረችለት። ከዚያ ራሷ የተሰቀለውን ሁሉ ታገላብጥ ጀመር፤ እየተናገረች፣ ሰፊውን፣ ነጋዴውን፣ ዘነበችን እየወረደችባቸው፣ አንድ ቢጫ ሸሚዝ፣ እጅጌው አጠር ያለ፣ የዚያን ዓመት ልጃገረድ ሁሉ የምትለብሰውን፣ አወጣች። ትከሻው ጠባብ ነው ብላ ለማሳየት ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስታወቱ ዞረች።

ንግግሯ መሃል ላይ ቆመ። ከሏ ላይ ቢጫው በርቶ ነበር።

«አባትሽ አሁን ቢያየኝ ምን ይል ነበር?» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ።

«የት ያይሻል? ሻይ ቤት ነው የሚሆነው» አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ለቅሶ ዞረ፤ ከለቅሶው መሃል ደግሞ ሳቀች። እኔ ወገቧን ይዤ አለቀስኩ። ቆይታ በሻሿ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና «የእጅጌው ክር ወጥቷል፣ ቀንስ» አለችው ንጉሤን።

«ኧረ በማርያም፣ ይውሰዱትና ይሂዱልኝ!» አለ።

ለፋሲካ ቢጫውን ለበሰችው። ከጠዋት ጀምራ ትከሻዬን ያዘኝ፣ ቁልፉ ላልቷል፣ አንገቱ ይበላኛል ስትል ዋለች፤ ዘነበችም ወጥ እያወጣች በእያንዳንዱ ስሞታ «ተመስገን» ትል ነበር።

ዛሬ ኮልፌ ሌላ ሆኗል። አስፋልቱ ዳርና ዳር በመስታወት በተለበጡ ሕንፃዎች ተሞልቷል፣ ፋሽኑ ስልካችን ውስጥ ነው፤ እኔ ያየሁትን አዛለሁ፣ በስልክ እከፍላለሁ፣ በሞተር ይመጣልኛል፣ ቀለሙ ከለቀቀ እጥለዋለሁ። ገልብጦ የሚያይልኝ የለም። ለእማዬ የምገዛው ግን እንደ ድሮው ይገለበጣል፣ ይሰደባል፣ ይመለሳል፤ ልብስ ሻጮቹ ልጆች ገና ስገባ «ደግሞ ምን ሆነ?» ይሉኛል። ልቤ ውልቅ ይላል። ይሄን ሁሉ ዓመት ልክ እንደ ልጅነቴ እናደዳለሁ።

አሁን ዓይኗ ደክሟል። ባለፈው በዓል ሹራብ ይዤላት ሄድኩ። ገለበጠችው፤ ስፌቱን በአውራ ጣቶቿ ዳበሰችው፣ ወደ መስኮቱ አስጠግታ አየችው፣ ደግማ ዳበሰችው፤ ምንም አላገኘችም። «ጥሩ ነው መሰለኝ» አለች ቀስ ብላ፣ ጭኗ ላይ አስቀምጣው። ደነገጥኩ። ከእጇ ነጥቄ «ኧረ ምኑ ነው ጥሩ? ብብቱ ተተርትሮ የለም እንዴ!» አልኳት።

ቀና አለች። «እኔስ ምን አልኩ! ሰው ዓይን እያለው እንዲህ ያለ ነገር ይገዛል?» ብላ ጀመረች፤ እኔንም፣ ሻጯንም፣ ሰፊውንም ምሳ እስኪቀርብ ድረስ ስታወርድብን ቆየች።

ሹራቡ ምንም አልነበረበትም። በማግስቱ ወስጄ ቀየርኩት።