የካላክላዋ አበልጅ

የሰውን ኑሮ አጥንተው ወረቀታቸውን ሸክፈው የሚጠፉ ሰዎች ያናድዱኛል። ካርቱም ያለነውን ሐበሾች መጥተው ይጠይቁናል፣ ሻያችንን ይጠጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውንም አናይም። ስለ ማዘንጊያ የምጽፈው ግን ስላልጠፋች ነው።

ማዘንጊያ አንትሮፖሎጂስት ናት፤ ሥራዋ ሕዝብ እንዴት እንደሚኖር አብሮ ኖሮ ማጥናት ነው። ጋምቤላ ጀመረች፣ ጁባ ላይ ሰብስቤን አገባች፣ ካምፓላ ሜላትን ወለደች። በ2013፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ካርቱም መጥተው አርካዊት ሰፈር ቤት ተከራዩ። የሜላት አማርኛ ግማሹ ዐረብኛ ሆነ። "እማ፣ ያላ፣ ቀጥሎ የት አገር ነው?" ትላለች፤ ሰው ሁሉ ከሻንጣ ጋር የሚኖር ይመስላታል።

ጥናቷ በሰው ቤት ስለሚሠሩ ሐበሻ ሴቶች ነበር። ሐበሻ ወደሚበዛበት ካላክላ ሰፈር ስትመላለስ፣ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ቪላ የምትሠራ ብርቅነሽን ተዋወቀች። ብርቅነሽ ሴት ልጅ ወልዳ ሰማንያው ሲደርስ፣ "ክርስትና አንሺልኝ" አለቻት። ማዘንጊያ ደስ ብሏት ሄደች። ሕፃን ገሊላን ታቅፋ፣ በሕፃኗ ፈንታ ሰይጣንን ክዳ ተመለሰች። ለእሷ ይሄ የመስክ ሥራ ነበር። እንዲህ የሚሳሳተው የተማረ ሰው ብቻ ነው! በእኛ ዘንድ ክርስትና ያነሳ ታዛቢ አይደለም፤ ከሥጋ ዘመድ የጠበቀ ዘመድ ነው።

ጥቂት ወራት አለፉና ካሻ መጣ፤ የውጭ ሰው አፈሳ። ብርቅነሽ ሥራ ልትገባ ከሀፍላው፣ ከአውቶቡሱ፣ ስትወርድ ያዟት። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የላትም፤ ድንበር አድርሰው ወደ መተማ ሸኟት። ልጇ ካላክላ ጎረቤት ቤት ቀረች።

ጎረቤቷ ልደት ሕፃኗን አዝላ አርካዊት ስትደርስ ማዘንጊያ ዕቃ እየጠቀለለች ነበር። ዕድሜዋን በሙሉ ከኮንትራት ወደ ኮንትራት ስትንከራተት የተመኘችውን ቋሚ ሥራ ናይሮቢ አግኝታ፣ ሰብስቤ ቤት ሊፈልግ ቀድሞ ሄዷል።

"እንቺ፣ ልጅሽን።"

"ልደትዬ፣ እኔ እኮ በዚህ ሳምንት ሂያጅ ነኝ።"

"ሂጃ! ማን ያዘሽ? መጀመሪያ ግን ለእናቷ አድርሻት። ቄሱ ፊት የታቀፍሻት አንቺ ነሽ።"

"አንቺ ጋ ትንሽ ብትቆይልኝስ?"

"ነገ እኔን ቢያፍሱኝስ? ዶክተር፣ ለጥያቄ ጊዜ ዘመድ፣ ለጭንቅ ጊዜ ባዳ ነን?"

ማዘንጊያ እጇን ዘርግታ ሕፃኗን ተቀበለች።

ሰብስቤ ደወለ፤ ሕፃኗን ለእናቷ ሳላደርስ አልመጣም አለችው። "ማዜ፣ ሥራው አይጠብቅሽም እኮ።"

"አይጠብቀኛ።"

"ከጁባ ድመት፣ ከካምፓላ በቀቀን አመጣሽ፤ አሁን ደግሞ ሰው?"

"ሰቤ፣ ሰይጣንን የካድኩት ለጥናቴ አይደለም።"

ሳቀ። "እሺ በቃ። ያገኘሁትን ቤት እተወዋለሁ።"

የሰውን ልጅ ያለ ወረቀት ይዞ ድንበር መሻገር ግን ሌባ ያሰኛል። ማዘንጊያ ሕፃኗን አዝላ ከቢሮ ቢሮ ዞረች። "ቡክራ" ይሏታል፤ ነገ። ስትመለስ አሁንም ቡክራ። ብርቅነሽ ከመተማ በሰው ስልክ እየደወለች ታለቅሳለች። ሳምንታት አለፉና የናይሮቢው ወንበር ለሌላ ተሰጠ። የተማሩ ወዳጆቿ "ስሜታዊ ሆንሽ" አሏት። ስሜታዊ! እናትና ልጅ ሲለያዩ ቆሞ የሚጽፈው ነው እንግዲህ ብልሁ?

ወረቀቱ በመጨረሻ ተገኘ። ማዘንጊያ ሜላትንም ይዛ በገዳሪፍ በኩል ወደ ድንበሩ ተሳፈረች። ሜላት ሕፃኗን "ኡኽቲ፣ እህቴ" እያለች መንገዱን ሙሉ አጫወተቻት።

ብርቅነሽ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ ቆማ ነበር፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች። ልጇን ብትቀበል ሕፃኗ አላወቀቻትም፤ ወደ ማዘንጊያ ዞራ አለቀሰች። ብርቅነሽ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ትለምድሻለች" አለች ማዘንጊያ። "አታልቅሺባት።"

"አበልጅ፣ ሥራሽስ?"

"ሌላ ሰው ገባበት።"

"በኔ ጦስ!"

"ተይ እባክሽ ብርቄ! ርቧታል፤ ጡጦዋን ያዢ።"

ብርቅነሽ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጡጦውን ለልጇ ሰጠቻት። ሕፃኗ እየተነጫነጨች ያዘችው። ማዘንጊያ ወተቱ እስኪያልቅ ድረስ ፀሐዩን እየከለለቻቸው ቆመች።