ሐቦባ የደበቁን ቀን

አሶሳ ገበያ አንድ ነጋዴ አዲስ ማሽላ ከጆንያ ሲገለብጥ ብናኙ አፍንጫዬ ገባ። ትንፋሽ አጠረኝና ከሰው መሀል ወጣሁ።

ልጅ ሳለሁ ባምባሲ አጠገብ ያለው መንደራችን ውስጥ የታጠቁ ሰዎች ገቡ። አባቴ በዚያ ሰዓት ቤት አልነበረም። ሐቦባ፣ አያቴ ለማለት፣ የምንላቸው የበርታ አሮጊት ጎረቤታችን እኔንና እናቴን የቀርከሃ ጎተራቸው ውስጥ ከተው ማሽላውን እስከ አንገታችን ሞሉብንና ክዳኑን ገጠሙት። እናቴ አፌን በእጇ አፈነችው።

«ጎረቤቶችሽ የት ገቡ?» አለ አንድ ሰው ከውጭ።

«አላውቅም። እኔ አሮጊት ነው፣ ብቻዬን ነው» አሉ ሐቦባ።

በተነፈስኩ ቁጥር እህሉ ደረቴን ይጫነኝ ነበር።

ሲመሽ ክዳኑን ከፈቱልን። «ውጡ፣ ሄደዋል። ስለ አባትሽ ግን አትጠይቁኝ» አሉ እኔን እያዩ።

ዛሬም በየዓመቱ ልናያቸው እንሄዳለን። እናቴ እጃቸውን ስማ ጎናቸው ትቀመጣለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ቤት ስላልተመለሰው አባቴ እሳቸው አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም።