የተሳቢው ሸራ

ጎረቤታችን ጋሽ ይመር ለአባቴ ለቅሶ ያመጡት ሸራ ዝናብ ሲመታው አድሯል። ጠዋት ከሥሩ ስገባ የረጠበ ሸራ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ ልጅነቴ መጣብኝ።

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አባቴ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ስንዴ ሊያደርስ ተሳቢውን ሸራ እያለበሰ ነበር። እኔ ጭነቱ ላይ ወጥቼ ጫፉን እዘረጋለሁ፤ እሱ ከታች ጎማውን በእግሩ ረግጦ ገመዱን ይወጥራል።

"ነፋስ ከገባበት መንገድ ላይ ይቀደዳል" ይለኛል።

የጎረቤታችን የጋሽ ይመር ወንድም እየሮጠ መጣ። የጋሽ ይመር ሚስት አርፈው ነበር።

"ዝናቡ መጣ፤ ለቀስተኛው የሚጠለልበት የለም። ሸራውን ለዛሬ ብቻ" አለው።

አባቴ ገመዱን አልለቀቀም።

"ለቅሶ በዝናብም ይለቀሳል፤ ስንዴ ግን ከራሰ አለቀለት።"

ሰውየው ተመለሰ። በር ላይ የቆመችው እናቴ፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ነግ በኔ አይባልም?" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። እኔማ ሸራው መወጠሩ ደስ ብሎኝ እንደ ከበሮ በመዳፌ መታሁት። ሰውየው ዞር ብሎ አየኝ።

ዛሬ ጋሽ ይመር ሸምግለው በር ላይ ተቀምጠዋል።

"ዝናቡ አባርቷል፤ ሸራዎን ላውርድልዎ?" አልኳቸው።

"ተይው ልጄ፤ ከወግዲ የሚመጣ ለቀስተኛ አለ። ደግሞ ቢዘንብስ?"

እናቴ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ሸራው መሃል ላይ ውሃ አቁሮ ረግቧል። ከሥር ገፍቼ ውሃውን ላፈሰው ያን እንደ ከበሮ የመታሁበትን መዳፌን አነሳሁና፣ ሳልነካው መልሼ አወረድኩት።