የግድ፣ ያሻል፣ ዲርቀማ

ከአንኮበር የወጣን ማታ እናታችን ደጅ ቆማ ስትሸኘን ዓይኗ ከታናሼ ከበላይ ላይ አልተነሳም። የበሶውን ስልቻ ለእኔ አሸከመችኝ፣ ጋቢዋን ለእሱ ደረበችለት። «አንተ ትችለዋለህ፣ እሱን ብርድ ይጎዳዋል» አለችኝ። እናንተ አገር ቤት የቀራችሁ ሰዎች ስለ ስደት ስትጠይቁኝ የመንገዱን ርቀት የማወራላችሁ ይመስላችኋል፤ እኔ ግን ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ያ ጋቢ ነው።

ዴዴሳ ወንዝ ስንደርስ የኬላው ሹም ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ዋስ አላችሁ?» አለ።

«በዚህ አገር የሚያውቀን ሰው የለም፣ ጌታዬ» አልኩት።

«ዋስ የግድ ነው።»

«የሚያውቀን ሳይኖር ዋስ ከየት እናምጣ?»

«እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው። የግድ ግን የግድ ነው።»

ይኼኔ በላይ ብቅ ብሎ፣ «እኔ ለወንድሜ ዋስ ልሁን፣ ወንድሜ ደግሞ ለእኔ ይሁን» አይለው መሰላችሁ! ሹሙ እስኪያስለው ሳቀና አሳለፈን። እኔ ብናገረው ኖሮ ታስሬ ነበር የማድረው። በላይ ሲናገር ሰው ይስቃል፣ እኔ ስናገር ዋስ እጠየቃለሁ።

መቱ ላይ ጎጆ ያከራዩን እትዬ ዘርፌ አባታቸው ከጎጃም የመጡ ናቸው፤ እሳቸው «የግድ» አይሉም፣ «ያሻል» ነው የሚሉት። እንጨት ማምጣት ያሻል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መታየት ያሻል። ጣራውን መክደን ያሻል።

«ኪራይ ከፍለን ጣራውንም እኛው ልንከድን ነው፣ እትዬ?»

«ታዲያ እኔ ልውጣልህ? ዝናቡ የሚወርደው በእናንተ ላይ ነው እኮ!»

«ያሻል» ሲሏችሁ ምርጫ የሰጧችሁ ይመስላችኋል። ሣሩን ተሸክሜ ጣራ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ በላይ ከታች ሆኖ ከእትዬ ጋር ሲጫወት ዋለ። በማግስቱ ለጎረቤቱ ሁሉ «በላይ የሚባል ልጅ ጣራዬን አስከደነልኝ» አሉ።

ዝናቡማ ምን ይነገራል! በእኛ አገር ክረምት መጥቶ ይሄዳል፣ እዚህ ግን ቤተኛ ነው። ውርጭ ናፈቀኝ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ገብስ የለም፤ ጎደሬ አለ፣ በቆሎ አለ። ቡናውን ሳይፈጩት በቅቤ ቆልተው ያኝኩታል። መጀመሪያ ሳየው ሳቅሁ፣ አሁን ሳጣው ያናድደኛል።

በሁሩሙ ገበያ ኦቦ ኩምሳን አገኘናቸው። «ኦቦ» ማለት እኛ «ጋሼ» እንደምንለው ነው። ያዮ ጫካ ውስጥ ብዙ ቀፎ ያላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ወንዶች ልጆቻቸው በበሽታ አልቀውባቸው ቀፎ የሚሰቅልላቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። ዛፍ የሚወጣው እኔ ሆንኩ፣ ንብ የሚነድፈኝም እኔ። በላይ ከፍታ ያዞረዋልና እሳት ዳር ተቀምጦ ኦሮምኛ ይለምዳል።

«ዲርቀማ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ከእሳቸው ነው። እሱም ያው ግዴታ ነው፤ ግን ሹም አያዝዘውም፣ አከራይም አይጠይቀውም። የጎረቤት ቤት ሲቃጠል መሮጥ ዲርቀማ ነው። ላም ለሌለው ቤት ወተት መላክ ዲርቀማ ነው። «ባይደረግስ?» ብላቸው ጥያቄው አልገባቸውም፤ «ምኑ?» አሉኝ። ያን ቀን በዚህ አገር የአንድ ሰው እንኳ ዲርቀማ መሆን አማረኝ። ወገን የሌለው እዚህ መሬትም ሚስትም አያገኝም፤ ሲሞትም የሚቀብረው የለም።

ከዚያ ኦቦ ኩምሳ የጡት ልጅ ሊይዙ ነው ተባለ። ወጉን እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ማር የተቀባውን አውራ ጣት የጠባ ልጅ ይሆናል፣ ርስትም ይካፈላል። ማንን እንደሚይዙ አልጠየቅሁም። በኩር እያለ ታናሽ ይቀድማል እንዴ? ነጠላዬን አጥቤ፣ ፀጉሬን ተላጭቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲጨርሱ ኦቦ ኩምሳ አውራ ጣታቸውን ከማሩ አውጥተው ዘረጉ። ተነስቼ ሄድኩ፣ ተንበረከክሁ፣ አፌን ከፈትኩ።

ጣታቸውን ሰበሰቡት።

«ሲ ሚቲ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አንተን አይደለም፤ በላይን ነው።»

«ምን አጠፋሁ፣ ኦቦ?»

«ምንም። በኩር ነህ። በኩር የእናቱ ዲርቀማ ነው፤ እኔ ከእናት ላይ በኩር አልወስድም። ለእናትህ ታስፈልጋለህ።»

በላይ ጠባ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ እኔም አጨበጨብኩ። ቀናሁ፤ ዛሬም አልበረደልኝም። አሁን እሱ ርስት አለው፣ የታጨችለት ልጅ አለች፤ እኔ እትዬ ዘርፌ ጎጆ ውስጥ ብቻዬን ነኝ።

«ለእናትህ ታስፈልጋለህ» ያሉኝ ነገር ግን ከልቤ አልወጣ አለ። በሲራራ ነጋዴ ቃል ልኬ፣ እናቴ አንኮበር ስልክ ቤት የምትመጣበትን ቀን ቆርጠን፣ እኔ ከመቱ ወደ ጎሬ ወጣሁ። ድምፁ ስለማይጠራ የእኔን ቃል ለእሷ፣ የእሷን ለእኔ እየጮኸ የሚያቀብለው ስልከኛው ነው።

«በላይ ሌላ አባት ያዘ በልልኝ።»

ጮኸ፣ አዳመጠ። «እሰይ፣ ተመስገን ይላሉ።»

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «እኔን ግን ለእናትህ ታስፈልጋለህ ብለው አስቀሩኝ። እውነት አስፈልግሻለሁ ወይ በልልኝ።»

ስልከኛው ዞሮ አየኝ። «ይኼን ሁሉ ልጮህ?»

«የግድ ነው።»

ጮኸው። ተራ የሚጠብቁት ነጋዴዎች ተሳሳቁ።

«እርሻውን የእህትህ ባል ያርሳል፣ እንጨትም አልቸገረኝ፤ ማስፈለጉንስ አያስፈልገኝም ይላሉ።» ልወጣ ዞርኩ። «ቆይ፣ አልጨረሱም። ልጄ ናፍቆኝ ነው እንጂ፣ ሲመሽ በር በሩን አያለሁ ይላሉ።»

«የትኛችንን ነው ልጄ ያለችው? ስም ጠራች?»

«ስም አልጠሩም። ልጄ ነው ያሉት።»

«ጠይቅልኝ፤ እኔን ነው በላይን?»

ስልከኛው ስልኩን አስቀመጠና ተራውን ለነጋዴው ሰጠ። «እናት እንዲህ አትጠየቅም» አለኝ።

እኔ ግን እስከ መቱ ድረስ፣ እንዲያውም ይኼን እስከምጽፍላችሁ ድረስ፣ የትኛችንን ይሆን እያልኩ ነው።