ካቻቢቴ በጆሮ

የኦዲል ዴላትር ችግር ለመናገር ቀላል፣ ለመፍታት ግን አስቸጋሪ ነበር። ጆሮዋ የሚያውቀውን ለሌላ ሰው ጆሮ እንዴት ታውርስ? ጡረታ ልትወጣ አንድ ዓመት ቀርቷታል፤ የሚተካት ሰው አልተቀጠረም። የምትጠብቃቸው የውሃ ፓምፖች ላይ ብልሽት የሚጠቁም ሴንሰር ተገጥሟላ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ፣ ከሳን-ቫስት ከተማ ሥር ለብዙ ዘመን የድንጋይ ከሰል ተቆፍሮ ወጣ። ከሰሉ ሲወጣ መሬቱ ሰመጠ፤ ሰፈሮቹም ከወንዙ በታች ሆኑ። ማዕድኑ ከተዘጋ ቆይቷል፣ ውሃው ግን ዛሬም ወደ ቤቶቹ መውረድ ይፈልጋል። ስለዚህ ፓምፖቹ ሰው እዚህ እስከኖረ ድረስ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ኦዲል ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀቻቸው በካቻቢቴ ነው፤ ጫፉን የፓምፑ ዘንግ በሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ።

ቅዳሜ ጠዋት በጆስሊን ቡና ቤት የከተማው ሰው ተሰብስቦ ይፈላሰፋል። ውይይቱን የሚመሩት ጡረተኛው የፍልስፍና መምህር ሙሴ ሉቤ ናቸው። አንድ ቅዳሜ፣ «ማሽኑን ሁሉ አጥፍተን ወደ ተፈጥሮ ብንመለስስ?» ብለው ጠየቁ።

«አጥፉት» አለች ኦዲል ከኋላ ወንበር። «በወሩ እዚህ ተቀምጦ የሚፈላሰፈው ዓሣ ነው።»

«ዓሣ ደግሞ ቢራ አያዝም!» አለች ጆስሊን። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

ሙሴ ሉቤ አልተቀየሙም። «እንግዲያው ማዳም ኦዲል፣ ተፈጥሮ የቱ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! እዚህ መሬቱም ግማሹ ማሽን ነው። ካልጠበቁት ይሰምጣል።»

መምህሩ ብዕራቸውን አነሱ። የአገራቸው የዘመኑ ፈላስፎች የሚከራከሩበት ጉዳይ ይኸው ነበር፤ ሰው ምድርን ከለወጠ በኋላ እጁን ታጥቦ መሄድ አይችልም፣ የለወጠውን መንከባከብ አለበት። ሌላም አለ፤ ዕውቀት ከእጅ ወጥቶ ማሽን ውስጥ ሲገባ፣ ሰው የገዛ ሥራውን መረዳት ያቆማል።

«ሴንሰሩ መጥፎ ነው ማለትዎ ነው?» ብለው ጠየቋት።

«ኧረ ጎበዝ ነው! ሲሳሳት ግን፣ መሳሳቱን ማን ይነግረናል?»

በሳምንቱ ሁሉንም ወደ ፓምፕ ጣቢያው ወሰደቻቸው። መጀመሪያ በሰሌዳ ላይ ቁጥር ደረደረችላቸው፤ አዛጉ። ተናደደችና ካቻቢቴውን ለሙሴ ሉቤ ሰጠቻቸው። በየፓምፑ እየቆሙ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ።

«ይሄኛው... አሸዋ የሚያኝክ ይመስላል።»

ሁለተኛው ፓምፕ ነበር፤ የሴንሰሩ መብራት አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ሲፈታ ኩሽኔታው ተበልቶ ተገኘ። ኦዲል የሰው ጆሮ መማር እንደሚችል ያወቀችው ያን ጊዜ ነው።

አሁን አሥራ አንድ ሰው ካቻቢቴ ይዞ ወደ ጣቢያው ይመጣል። ጆስሊን ከሁሉም ትበልጣለች፤ ቡና ማሽኗንም ማዳመጥ ጀምራለች። ኦዲል ደግሞ ከመምህሩ ጋር ድምፆቹን በቃላት የሚገልጽ ደብተር እያዘጋጀች ነው። የጤነኛ ፓምፕን ድምፅ «እንደ ጠገበ ድመት ኩርርር ይላል» ብላ ጻፈች።

«የእኔ ድመት እኮ ሲርባትም እንደዚያው ትላለች» አሉ ሙሴ ሉቤ።

ሰረዘችው። ካቻቢቴውን አንስታ እንደገና ወደ ፓምፑ ጎንበስ አለች።