እንጦጦን የሚያክለው ድንጋይ

ቅዳሜ ከሰዓት... የጸሎት ኅብረታችን እንደተለመደው እትዬ ጫልቱ ቤት ተሰብስቧል። ቤታቸው ከየካ ሚካኤል ከፍ ብሎ፣ እንጦጦ እግር ሥር ነው። ዳገቱን የወጣ ሰው ጸሎት ከመጀመሩ በፊት ነው «ጌታ ሆይ» የሚለው።

«የጸሎት ርዕስ ያለው?» አሉ እትዬ ጫልቱ።

አንዱ ፈተና አለብኝ አለ፣ አንዷ የእናቷን ሕመም ተናገረች። እኔ ጋ ሲደርስ... ልቤ ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ድንጋይ።

ላስረዳ። ከሥራ መልስ በቴሌስኮፕ በተነሱ የሰማይ ፎቶዎች ላይ አስትሮይድ እፈልጋለሁ። ደሞዝ የለውም፣ ፍቅር ነው። አንዱ የሰማይ ክፍል በደቂቃዎች ልዩነት አራት ጊዜ ይነሳና ፎቶዎቹ ለእኛ ለበጎ ፈቃደኞቹ ይላኩልናል። ሶፍትዌሩ እያፈራረቀ ያሳየኛል። ኮከቦቹ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። በመሃላቸው ፈቀቅ ፈቀቅ የምትል ነጥብ ካለች ግን በጠፈር የምትጓዝ ድንጋይ ልትሆን ትችላለች። ሁለት ወር ሙሉ ዓይኔ እስኪቀላ አፍጥጬ፣ በዚያ ሳምንት አንዲት ነጥብ አገኘሁ። ሪፖርቱን ፎቶዎቹን ለሚልኩልን ባለሙያዎች ልኬ መልስ እየጠበቅኩ ነበር። እህል አልወርድ ብሎኛል።

«አንድ የሰማይ ድንጋይ አግኝቻለሁ። እውነተኛ መሆኑ እንዲረጋገጥልኝ ጸልዩልኝ» አልኩ።

ሁሉም ወደ ቀጣዩ ሰው ዞሩ። ነገሬ መናቁ ቅር አሰኘኝ መሰለኝ... ትንሽ ጨመር አደረግኩበት።

«እንጦጦን ያክላል» አልኩ።

ልኩን ከየት አመጣሁት? እኔ እንጃ። ማጋነን የቆየ አመሌ ነው። እትዬ ጫልቱ ዞር ብለው በመስኮቱ ተራራውን አዩት።

«ወዴት ነው የሚሄደው ልጄ?»

«ወደ እኛ አቅጣጫ ሳይሆን አይቀርም... ግን በጣም ሩቅ ነው።»

ከ«ግን» በኋላ ያለውን የሰማ የለም። እትዬ ጫልቱ ተንበረከኩ፣ ሁላችንም ተከተልን።

«ጌታ ሆይ፣ ይህን ድንጋይ ከፊታችን አስወግደው።»

«አሜን።»

«ደብዛውን አጥፋው።»

«አሜን።»

እኔ አንገቴን ደፍቼ በለሆሳስ «ጌታ ሆይ፣ ኧረ አታጥፋብኝ» እላለሁ። ለአንድ ድንጋይ አሥራ ሁለት ሰው ወዲያ፣ እኔ ብቻዬን ወዲህ።

ሐሙስ ዕለት መልሱ መጣ። ነጥቧ ድንጋይ አይደለችም፣ የካሜራው እንከን ናት አሉኝ። እዚያ ቦታ ላይ ምንም ነገር የለም። የሁለት ወር ልፋቴ ገደል ገባ። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሬ ላይ እንዳቀረቀርኩ እንባዬ መጣ፣ ባልደረቦቼን ጉንፋን ነው አልኳቸው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እትዬ ጫልቱ በር ላይ ያዙኝ።

«ድንጋዩስ?»

«የለም አሉኝ» አልኩ። «ቦታው ላይ ምንም የለም።»

ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እትዬ ጫልቱ አንገቴ ሥር ገብተው አለቀሱ።

«ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም» አሉኝ። «ደግሞ ለሰፈሩ ብቻ እንዳይመስልሽ። ፊትሽን አይቼው ነበር፣ ተጨንቀሻል።»

ስለ ካሜራው ላስረዳ አፌን ከፈትኩ... መልሼ ዘጋሁት። ስለ እኔ ብሎ ሦስት ቀን የጾመ ሰው በሕይወቴ አላውቅም። ድንጋዬን ባጣም ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

አጠገቤ የቆመው ናቲ፣ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ድሮም አልነበረም ማለት ነው አይደል?»

«አሜን በል» አልኩት።

ይኸው ትናንት ደግሞ ሌላ ነጥብ አገኘሁ። ይቺኛዋ አካሄዷም ያምራል። ለእትዬ ጫልቱ የነገረብኝ ሰው ካለ ግን... እንጣላለን።