ዘይት የጠጣው ማገር

ሸዋ ሮቢት ላይ ፎም ማለት ፍራሽ ነው። ስለዚህ ለአባቴ ደውዬ «ክፍልህን በፎም አቀዘቅዝልሃለሁ» ስለው፣ «ፍራሹን ጣሪያ ላይ ልታነጥፈው ነው? ማን ሊተኛበት?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ያን ሰሞን የሚያስቀኝ ነገር አልነበረም።

የአባቴ ልብ ደክሞ ነበር። ደብረ ብርሃን ያየው ሐኪም ለታላቅ ወንድሜ በግልጽ ነግሮታል። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለዚህ ልብ ሸክም ነው፤ ወይ ቤቱን አቀዝቅዙለት፣ ወይ ደጋ አውጡት። እህታችን እዚያው ደብረ ብርሃን ትዳር ይዛ ስለምትኖር የደጋው መንገድ ቀላል ነበር። ቀላልነቱ ግን ለእኛ ነዋ! አባቴማ «በጣርማ በር ዋሻ ስንቴ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ ለመሞት ብዬ ግን አልወጣውም» አለና አሻፈረኝ አለ። ቤቱን በገዛ እጁ ነው የሠራው፤ ዕድሜውን ሙሉ አናጢ ነበር። እናታችን የሞተችውም እዚያው ቤት ውስጥ ነው። እሱን ከዚያ ቤት ማውጣት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፣ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም።

እኔ በዚያ ጊዜ ለአበባ እርሻዎች ቀዝቃዛ ክፍል የሚሠራ ሰው ዘንድ ተቀጥሬ ፎም እረጭ ነበር። የአበባ እርሻ እንደ አሸን የፈላበት ዘመን ነው። ሁለት ፈሳሽ ከሁለት በርሜል ይመጣል፣ እጅ ላይ ባለው መርጫ ውስጥ ይቀላቀላል፣ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ወዲያው ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብትወጣ ብትገባ ጉዳዩም አይደለም። ጽጌረዳ ፈረንጅ አገር እስክትደርስ እንዳትጠወልግ በብርድ ትቀመጣለች፣ አባቴ ደግሞ ቆርቆሮ ሥር ይጠበሳል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር ቆሽቴ ያርር ነበር።

አለቃዬ ኮምቦልቻ ሥራ ነበረው። ለመንኩት፣ ደጅ ጠናሁት፣ በመጨረሻ መኪናው ማሽኑን ጭኖ ሲያልፍ ሮቢት ላይ አንድ ቀን እንዲያድር ፈቀደልኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን መንገድ መቀጠል አለበት። አንድ ቀን አገኘሁ ማለት ነው፤ ሌላ አይጨመርም።

ፎም ጠባይ አለው። የሚያርፍበት ነገር ደረቅና ንጹሕ ካልሆነ አይዝም። አቧራ ይጠላል፣ እርጥበት ይጠላል፣ ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን ቅባት ነው። ከርጨቱ ይልቅ የሚያደክመው ማጽዳቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ከአባቴ ጋር የሚኖረው እሱ ነው።

«ኮርኒሱን አውልቅ፣ የሸረሪት ድሩን ጥረግ፣ ቆርቆሮውንና ማገሩን በደረቅ ጨርቅ ወልውል። ከዚያ በኋላ ምንም እንዳትነካ» አልኩት።

«እሺ።»

«ምንም አልኩህ!»

«እሺ አልኩህ እኮ!» አለኝ። የወንድሜን እሺ ማመኔ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከመኪናው ጋር የደረስኩበት ዕለት የካቲት ነበር፣ ሙቀቱ ግን ወር አያውቅም። ፎም ሲረጭ የሚወጣው ጢስ ለደህና ሰውም አይሆንም፤ ስለዚህ አባቴን ጎረቤታችን ሐጂ ግቢያቸው ወስደው ማንጎው ሥር አስቀምጠውታል። ሐጂና አባቴ ከጉርምስና ጀምሮ አብረው ያረጁ ናቸው። እኔ በቀጥታ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። በሩን ገፋ ሳደርገው የተቀበለኝ ሽታ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት!

ለማያውቅ ሰው ልንገር። በእኛ ቆላ ምስጥ እንጨት አይምርም። ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ለምኖ ቋሚውንም፣ ወራጁንም፣ ማገሩንም በየዓመቱ ይቀባል። ምስጥ ያን ሽታ አይደፍርም። ደህና ልማድ ነው፣ አልጠላውም። ግን በዚያ ቀን? በዚያ ጣሪያ?

ቀና ብዬ አየሁ። ማገሩ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ወንድሜ እዚያ ቅርብ ጀውሃ ላይ የከባድ መኪና ዘይት የሚቀይሩ ጓደኞች አሉት፣ አንድ ጀሪካን አምጥቶ ደጋግሞ ለቅልቆታል። ይሄም አልበቃውም፤ ቆርቆሮው ላይ የተፈናጠቀውን በዚያው ዘይት በነካ ጨርቅ ወልውሎ ጣሪያውን በሙሉ አዳርሶታል።

«ምን አድርገህ ነው?» ድምፄ አስፋልት ድረስ ሳይሰማ አይቀርም።

«ማገሩን ቀባሁት። ፎሙ ከሸፈነው በኋላ ምስጥ ቢገባ ማን ያየዋል?»

«ምንም እንዳትነካ አላልኩህም?»

«ብለሃል።»

«ታዲያስ?»

ዘይት የነካውን ጨርቅ አንሥቶ ማጠፍ ጀመረ። ደሜ ፈላ። «መወልወል የነበረበት ያንተ ጭንቅላት ነው!» አልኩት። ታላቄ ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ጋሼ ብዬ ነው የምጠራው። ያን ቀን ጋሼ የለ፣ ምን የለ።

ከዚያ መፈግፈግ ነው። የቧንቧው ውሃ እንደ ልማዱ ሄዷል፤ ከሐጂ ጉድጓድ እየቀዳን፣ ውሃውን እያፈላን፣ በዱቄት ሳሙና ቆርቆሮውን እናጥባለን። ከላይ ፀሐይ ቆርቆሮውን ምጣድ አድርጋዋለች፣ ከታች እኛ እንቀቀላለን። ላቡ ከሳሙናው ጋር ዓይኔ ውስጥ ይገባል፣ እኔ እሳደባለሁ፣ ወንድሜ ሳይመልስ ይፈገፍጋል። የታጠበውን ልናደርቅ ማራገቢያ ስንሰካ ደግሞ መብራት ጠፋ። ቴሌቪዥኑ መብራት ሲኖር የሚያወራው ስለ ዕድገት ነው፤ እኛ ቤት ያለው ዕድገት የወንድሜ ቂልነት ብቻ ነው አልኩ። የማሽኑን ጀነሬተር አስነሣን። ቆርቆሮው በመጨረሻ ጠራ። እንጨቱ ግን ዘይቱን ጠጥቶታል፣ የጠጣውን ማን ያስተፋዋል? በጨርቅ ስጫነው እንደ ገና ያልበዋል።

«በላ አሁን ምን ይሻላል? ንገረኛ! አባባን ይዘህ ዋሻውን ስትወጣ ምን ትለዋለህ?» ብዬ ስጮህ በሩ ላይ ጥላ አየሁ። አባቴ ነው፤ ሐጂ ክንዱን ይዘውታል። በዚያ ፀሐይ ከግቢ ግቢ ተሻግሮ መጥቶ ትንፋሽ አጥሮታል።

«ልጄን አትስደበው። ቀባው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

ወንድሜ ወለሉን ያያል። አባቴን አሳልፎ ላለመስጠት ያን ሁሉ ስድብ ዝም ብሎ ሲጠጣ ነው የዋለው። ይሄ ደግሞ ባሰብኝ።

«አባባ፣ ፎሙ አይዝም እኮ! ካልያዘ ደብረ ብርሃን ነው የምትሄደው። ይሄ ይገባሃል?»

«ይገባኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«አንተ የምትሠራው ለእኔ ነው» አለ፣ ትንፋሹን እየሰበሰበ። «እኔ ስንት ክረምት ልኖርበት ነው? ማገሩ ግን የእናንተ ነው። ምስጥ የሚበላው ቤት አውርሼ አልሄድም።»

«ማን ማገር ለመነህ?» ብዬ ጮህኩበት። «ማገርህ ገደል ይግባ! እኔ የምፈልገው አንተን ነው!»

«ሱብሐነላህ!» አሉ ሐጂ። «ለአባትህ ነው እንዲህ የምትጮኸው?»

አዎ፣ ለአባቴ ነው። ለሌላ ለማንም እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አባቴ ግን አልተቆጣም። ቀና ብሎ ማገሩን አየና «እዚያ ጥጉ ጋ ቀርቶሃል» አለው ወንድሜን። ሐጂ አባቴን መልሰው ሲወስዱት እኔ ማሽኑን ላስነሣ ወጣሁ።

ማሽኑ ነገ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጭምብሌን አድርጌ ረጨሁ። ቆርቆሮው ላይ እንደሚገባ ኩፍ አለ። ማገሩም ላይ ኩፍ አለ፤ ሲደርቅ ግን በጣቴ ብመታው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል፤ እንጨቱን አልያዘም። ከላይ ሲታይ አንድ ነው። እኔ ሙያዬ ነው፣ አውቄዋለሁ።

ለጥቂት ሳምንታት ተአምር ነበር። አባቴ «ፍራሽህ ሠራ፣ ቀን ቀን እንቅልፍ ወሰደኝ» እያለ ይደውልልኝ ነበር። ግንቦት ሲገባ ማገሩን ዘይት ያልበው ጀመር። ፎሙ ከእንጨቱ ለቀቀ፣ የለቀቀው ደግሞ ቆርቆሮው ላይ የያዘውን እየጎተተ ይዞት ወረደ። አንድ ቀን በቀትር አባቴ ተኝቶ ሳለ ትልቁ ቁራጭ እግሩ ላይ ወደቀ። ክብደት የለውም፣ አልጎዳውም። ድንጋጤው ግን ያን የደከመ ልብ አገኘው። በዚያው ሳምንት እህቴ መኪና ይዛ መጥታ ወሰደችው። ሲወጣ አልነበርኩም። ሐጂ እንደነገሩኝ መቃኑን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ክረምቱን አልጨረሰም። በዋሻው የተመለሰው በሳጥን ሆኖ ነው።

አዲሱ ዓመት ገብቶ ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ጣሪያው ላይ የቀረውን ፎም ልፍቅ ብቻዬን መሰላል ላይ ወጣሁ። በንዴት ነው የምፍቀው፤ ቁራጩን መሬት ላይ አነጥፈዋለሁ። ማገሩ ከሥሩ ብቅ አለ፣ ጥቁር፣ ደረቅ። በቢላ ጫፍ ወጋሁት። አይገባም። የምስጥ መንገድ ፈለግኩ፣ አንድም አጣሁ። ምስጥ ይብላህ አልኩት ማገሩን፣ ሰው ይመስል። ያወረሰኝን ሳይ ደግሞ አለቀስኩ፣ ማልቀሴም አናደደኝ።

ወንድሜ ሲገባ ጣሳና ብሩሽ ይዟል። የተቃጠለ ዘይት ነው።

«ደግሞ ዘይት?» አልኩት። «አሁንም አልጠገብክም?»

«ዘንድሮ አልተቀባም» አለ ቀስ ብሎ።

ከእጁ ነጠቅኩትና እኔው ቀባሁት። አፌ አላረፈም፤ ማገሩንም፣ ምስጡንም፣ ጽጌረዳውንም፣ አባቴንም እሳደባለሁ፣ እጄ ግን ይቀባል። ወንድሜ ከታች መሰላሉን ይዞ ሲያየኝ ቆየና «እዚያ ጥጉ ጋ ቀርቶሃል» አለኝ።

«ዝም በል!» አልኩት። ጥጉንም ቀባሁት።